ጨረቃዋ ሳትታይ የገዛናቸው ሳይክሎች

ሰኞ

አምስት ናቸው። አምስት የሆላንድ ሳይክሎች በአንድ ጋራዥ ውስጥ፣ ግድግዳ ተደግፈው። 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር ያለ አንድ ዘበኛ ነው ዛሬ ጠዋት ደውሎ የነገረኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ቢላዋውን የት እንዳስቀመጥኩት እስካሁን አላገኘሁትም። ከሆላንድ የተመለሱ ሰዎች ናቸው አለኝ፤ ልጆቹ አገሩን አልለመዱትም፣ ትምህርት ሲዘጋ ጠቅልለው ወደዚያው ሊሄዱ ነው። ከፍሪጁ እስከ መጋረጃው ይሸጣል፣ ረቡዕ ጋራዡን ይከፍቱታል። "ሌሎቹ ሳይሰሙ ነይ፣ የኔን ግን እንዳትረሺ" አለ። የሱን መቼ ረስቼ አውቃለሁ።

ደስ አለኝ። ለራሴ ማስታወሻ ምን እዋሻለሁ፣ እንደ ልጅ ነው ደስ ያለኝ። የሆላንድ ሳይክል እኮ ከባድ ብረት ነው፣ ካቴናው ሽፋን ውስጥ ተደብቆ የሚሽከረከር፣ የሀርጌሳ አቧራ የማያገኘው። በዓመት አንድ ቢገኝ ነው። ነጠላ ጫማዬን በአንድ እግሬ ብቻ አድርጌ ወደ ወርክሾፑ ሮጥኩ። ወርክሾፕ የምለው ግቢያችን ጥግ ላይ ያለውን የቆርቆሮ ክፍል ነው። ጀማል አንድ አሮጌ ሳይክል ገልብጦ የጎማውን ራጂ፣ ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች፣ አንድ በአንድ እያጠበቀ ነበር።

"አምስት የሆላንድ" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። ወዲያው ደግሞ ትዝ አለው፤ ፊቱ ተዘጋ። ለኔም ትዝ አለኝ።

ፈትቶኛል። እንዲህ ብዬ ጽፌው አላውቅም ነበር፣ ይኸው ተጻፈ። የረመዳን ዒድ ዋዜማ ማታ ነው። ወንድሙ ሐጂ ዩሱፍ በርበራ የመኪና ዕቃ መደብር ከፍቷል፤ ጀማል ሳይክሎቹን ሁሉ ሸጦ ከሱ ጋር ልግባ አለ፣ እኔ አይሆንም አልኩ። እሱ አንድ ሲል እኔ አስር እላለሁ፣ ተፈጥሮዬ ነው። ሐጂ ዩሱፍ እዚያው ተቀምጦ ነበር። "ሚስትህን ማናገር አቃተህ እንዴ" አለው እየሳቀ። ጀማል ተነስቶ ቆመና ፈትቼሻለሁ አለኝ። አንዴ ብቻ። ውጭ ልጆች ጨረቃ ታየች እያሉ ይጮሁ ነበር።

የሰፈራችን ሼህ እንዲህ ብለው አስረዱኝ። ዒዳሽ፣ ከፍቺ በኋላ የምትጠብቂው ጊዜ፣ ሦስት ወር ነው፤ የወር አበባዬ ስለቆመ በጨረቃ ነው የሚቆጠርልኝ። ከቤትሽ አትወጪም፣ እሱም አያስወጣሽም። በነዚህ ወራት ውስጥ "መልሼሻለሁ" ካለ አለቀ፣ ሚስቱ ነሽ፤ ያንቺ ፈቃድ እንኳ አይጠየቅም። የሙሐረም ጨረቃ እስክትታይ ካላለ ግን በቃ፣ ባዳ ናችሁ። "በቃል ነው ታዲያ" አሉ፤ "ሥጋ ገዝቶ ስለገባ፣ ፊቱ ስለፈታ አይደለም።"

ያቺ ጨረቃ የምትጠበቀው በዚህ ሳምንት መጨረሻ ነው።

እሱ ወርክሾፑ ውስጥ ይተኛል። ምሳውን በትሪ አስቀምጬለት እመለሳለሁ፤ ትሪው ታጥቦ ይመጣል። በትዳራችን ሙሉ ሰሃን አጥቦ አያውቅም። በርበራም አልሄደም። ለምን አልሄድክም ብዬ አልጠየቅኩትም፤ ሌላውን ሁሉ አወራለሁ፣ ይቺን ግን አልጠይቅም። ብለምነውና መልሼሻለሁ ቢለኝ፣ በሚመጣው ጥል "አንቺ ነሽ የለመንሽኝ" ነው የሚለኝ። ከራሱ ይምጣ።

ማክሰኞ

ለነገ ፈቃድ ጠየቅኩ። አሁንም ከቤት ለመውጣት እሱን መጠየቅ አለብኝ። ወርክሾፑ በር ላይ ቆሜ "ረቡዕ ልሂድ?" አልኩት።

"ብቻሽን ምን ታደርጊያለሽ" አለ፤ "እንሄዳለን።"

እንሄዳለን አለ። ስለዚህ ቃል አንድ ሰዓት ሙሉ ሳስብ ነበር፣ ሩዙ አረረ።

እውነቱን ነው ግን፣ ብቻዬን ምንም አላደርግም። ድሬዳዋ ሳለሁ ሳይክል ነድቼ ነው ትምህርት ቤት የሄድኩት። አገሩ ሜዳ ነው፣ ሴቱም ወንዱም ይነዳል፣ ማንም ዞር ብሎ አያይም። እዚህ ግን በኔ ዕድሜ ያለች ሴት ሳይክል ላይ ብትወጣ ባጃጁ ሁሉ ቆሞ ነው የሚያያት። ስለዚህ ሥራውን ተካፍለነዋል። እኔ በዓይኔና በጣቴ፣ እሱ በመቀመጫው። እኔ ቸርኬውን አሽከርክሬ ፍሬኑን ይነካ አይነካ እንደሆነ አያለሁ፣ የፔዳሉን ክንድ ወዲያና ወዲህ ገፍቼ ኩሽኔታው ማለቅ አለማለቁን አውቃለሁ፣ የካቴናውን ጥርስ በጥፍሬ እዳስሳለሁ፤ ጥርሱ እንደ ውሻ ክራንቻ ከሾለ አልቋል። ቀለሙ መገጣጠሚያው ላይ እንደ ፀጉር ከተሰነጠቀ አልነካውም። እሱ ደግሞ ወጥቶ በሰፈሩ አንድ ዙር ይነዳዋል። እኔ የማላየውን እሱ ይሰማዋል።

ከዚያ ዋናው አለ። ሻጩ ፊት በሶማልኛ አመሰግናለሁ፣ ማሻአላህ፣ ምን የመሰለ ዕቃ ነው፣ ልጆቻችሁን አላህ ያሳድግላችሁ እላለሁ። ሳላወድስ ባጣጥልባቸው ይከፋቸዋል፤ ማሻአላህ ሳልል ባወድስ ደግሞ ዓይን አስገባሽብን ይላሉ። ጉዱን ለጀማል፣ እነሱ እንዳይገባቸው፣ በአማርኛ ነው የምነግረው። "ይሄ ወድቆ ነበር፣ ሹካው ተጣሟል።" "ይሄን አትልቀቀው፣ ሴትዮዋ የያዘችውን አታውቅም።" እሱም በአማርኛ ይመልሳል። ስንት ዓመት በዚህ በላን። ጥንድ በሬ ነን።

ነበርን ልበል? ገና ነን። እስከ ዓርብ ነን።

ረቡዕ

ሄድን። ባጃጅ ውስጥ በመሀላችን የፓምፑ ቦርሳ ነበር። እሱ ነው ያስቀመጠው።

ቤቱ ትልቅ ነው፣ ነጭ አጥር፣ ጋራዡ ሙሉ ዕቃ። ባለቤቲቱ ሆደን ትባላለች፣ በኔ ዕድሜ፣ ቀጭን፣ ጫማዋ በጣም የሚያምር። ባሏ ቀድሞ ሄዷል፤ እሷ ከልጆቿ ጋር ዕቃውን ሸጣ ትከተላለች። የምታሳዝን ነገር አላት፤ ሰው ዕቃዋን ሲነካባት ዓይኗ ይከተላል። አንዲት ሴት የልጆቿን ብርድ ልብስ ስታገላብጥ ሆደን ሄዳ እንደገና አጠፈችው፣ ሊሸጥ እኮ ነው።

ሳይክሎቹ፦

ትልቅ ጥቁር የወንድ። ከባድ። ፍሬኑ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዝ። የኛ ልጆች አያውቁትም፣ የገዛ ሁሉ መጀመሪያ ይወድቃል፣ ከዚያ ይወደዋል።

ሰማያዊ የሴት። ንጉሥ ናት፣ ማለቴ ንግሥት። ካቴናዋ ሽፋኑ ውስጥ ዘይቱን እንደጠጣ ነው። ፍሬኗ ብቻ ላልቷል።

ሁለት የልጆች፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ የተለጠፈበት አበባ የተፋቀ።

አምስተኛው በባትሪ የሚሄድ። ሰው ሁሉ የከበበው እሱን ነበር። እኔ ባትሪውን አውጥቼ አየሁት፣ ሆዱ አብጧል። የሞተ ነው። ባትሪ ከሌለው ደግሞ ይሄ ሳይክል አህያ ነው፣ ዳገት ላይ አትገፋውም።

"ባትሪው ሞቷል፣ እንተወው፤ ያልገባቸው ይጋደሉበት" አልኩት ለጀማል። "ጥቁሩንና ሰማያዊዋን አጥብቀህ ያዝ። ሴትዮዋ ልቧ ሄዷል፣ የሰጠናትን ነው የምትቀበለው። ጫማዋን ግን አየህልኝ?"

"ጫማ ልንገዛ ነው የመጣነው?" አለ።

ሳቅኩ። እሱም ሳቀ፣ በአፍንጫው። ሆደን ቆማ ታየናለች፤ እኔ ዞር ብዬ በሶማልኛ ማሻአላህ ቤትሽ ያምራል አልኳት።

ከዚያ ሰማያዊዋን ነዳት። የሴት ሳይክል ላይ ያ ሁሉ ቁመት፣ ጉልበቱ ደረቱ ጋ እየደረሰ፣ ጥግ ዞሮ ጠፋ። የጠበቅኩት ትንሽ ነው፣ ግን እንዲህ ጥግ ዞሮ የሚጠፋበት ቀን ቀርቧል። ሲመለስ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ "እንደ ቅቤ ናት" አለኝ። "ፍሬኑን እኔ አስተካክለዋለሁ። ለመሸጥ አትቸኩዪ፣ እሷን የሚያውቅ ይግዛት።"

አትቸኩዪ አለ። እኔን ነው ያለኝ። ከዓርብ በኋላ ማን ሊሸጣት ኖሯል? እሱ አስቦት ይሆን ወይስ ዝም ብሎ የለመደው አፉ ነው? ይኸው አሁን ተቀምጬ ቃል እመዝናለሁ፣ እንደ ወርቅ ሠሪ።

በአራቱ ተስማማን። ዋጋው ጥሩ ነው፣ ለሷም ለኛም፤ ባትሪውን ሞቷል ብዬ በሶማልኛ ነገርኳት፣ ሌላ ሰው ገዝቶት ከስሮ እንዳይመጣባት። አላህ ይስጥሽ ብትለኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ እሷ ግን ፈገግ ብቻ አለች። ነገ በፒክአፕ እንጭናለን።

ሐሙስ

ዛሬ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከዙህር ሶላት በኋላ ደረስን። ፒክአፑ ዘገየ። ጋራዡ ውስጥ እኔ፣ ጀማልና ሆደን ብቻ ነበርን። እሷ ጥግ ላይ አንሶላ ታጥፋለች። እኛ ሳይክሎቹን ለጉዞ እናስራለን፣ ፔዳል ከፔዳል እንዳይጋጭ ጨርቅ እየጠቀለልን። እጆቻችን ያንኑ ገመድ ይይዛሉ። እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም።

"ነገ ማታ ትጠበቃለች" አልኩት። ጨረቃ አላልኩም።

"አውቃለሁ።"

"በርበራ መኝታ አለህ?"

"የምን መኝታ?"

"የምትተኛበት ነዋ። ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ አትሆንም፣ ሰው ምን ይላል። ብርድ ልብሱን ወፍራሙን ውሰድ። እዚያ ሙቀት ነው ለካ፣ ተወው አትውሰድ።"

ገመዱን ለቀቀው። የሰማያዊዋን ፔዳል በእጁ ያዞራል፣ ያዞራል።

"ፈቲያ" አለ።

ሦስት ወር ሙሉ ስሜን አልጠራም። አንቺ ነበር የሚለኝ፣ ወይም ለበሩ እንደሚናገር።

"ያን ቀን አፌ ነው። ዩሱፍ ሲስቅብኝ... እኔ እንጃ። በነጋታው ልናገር ብዬ፣ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ልናገር ብዬ። አንቺ ደግሞ አትጠይቂኝም። ሁሉን ነገር ትጠይቂያለሽ፣ ይሄን አትጠይቂኝም። አሁን እኔ..." አቆመ። ፔዳሉን ያዘው። "እኔ እኮ..."

አፉ ላይ ነበር። ዋላሂ አፉ ላይ ነበር፣ ከንፈሩ "መ" ለማለት ገጥሞ አይቻለሁ።

"በላት እንጂ ወንድሜ" የሚል ድምፅ መጣ። "ምን ትጠብቃለህ፣ በላት።"

ሆደን ናት። አንሶላውን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ በጠራ የአዲስ አበባ አማርኛ።

ጀማል የተሰበረ ብርጭቆ የረገጠ ነው የመሰለው። እስከ ጆሮው ቀላ። ጎንበስ ብሎ ጥቁሩን ሳይክል ብቻውን ተሸከመው፣ ለሁለት የሚከብደውን፣ ወጣ። እስከ ቤትም ከፒክአፑ ኋላ ከሳይክሎቹ ጋር ነው የተቀመጠው።

ሆደን እጄን ያዘች። ልጅነቷ አዲስ አበባ ነው፤ በጦርነቱ ሸሽተው እዚያ ነው ያደገችው፣ መርካቶ አጠገብ፣ ከዚያ ነው ሆላንድ የሄደችው። "ትናንት ልነግራችሁ ነበር" አለችኝ። "ግን ስታወሩ ደስ አለኝ፣ እንዲህ ሲወራ ከሰማሁ ስንት ዓመቴ። ልቧ ሄዷል ስትዪ እንኳ ደስ አለኝ፣ እውነትሽን ነው። አሁን ግን... አላስቻለኝም እህቴ። ምን አስገባኝ፣ አፌን በቆረጠው።"

ምን እላታለሁ። እዚህ ከተማ አማርኛ የሚሰማ በየጥጉ አለ፤ ባለሱቁ፣ ነርሷ፣ ባጃጅ ነጂው። ግማሹ ከተማ የስደት ልጅነቱን ያሳለፈው እኛ አገር ነው። ይሄን ሳናውቅ ቀርተን ነው? እናውቃለን። እኛ ግን ሳይክል ልንገዛ ስንገባ በመስታወት የተከለልን ይመስለናል። ስንት ቤት፣ ስንት ሰው ሰምቶን ዝም ብሎ ይሆን። እሷም ዝም ብትል ምን ነበረበት።

አልተቀየምኳትም። አቅፋኝ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ ሁለታችንም የምናለቅሰው ለየራሳችን ነው። ስወጣ የልጅ መቀመጫ በነፃ ጨመረችልኝ፣ ከኋላ የሚገጠም። ምን አደርግበታለሁ።

ለመፍታት ሰው ፊት ቀለለው። ለመመለስ ሰው ፊት ከበደው።

ዓርብ

ነጅማ ከጅግጅጋ ደወለች። ልጃችን ናት፣ አግብታ እዚያ ነው ያለችው፣ ሁለተኛዋን አርግዛለች።

"እማ፣ አባዬ ጋ ልደውል?"

"እንዳትደውዪ።"

"ታዲያ አንቺ ጠይቂው።"

"አልጠይቅም።"

"አንቺ ስለ ጎረቤት ፍየል አንድ ሰዓት ታወሪያለሽ፣ ስለ ራስሽ አንድ ቃል ማውጣት አቃተሽ?"

ይቺ ልጅ ምላሷ ከማን እንደመጣ አላውቅም። ፍየሏ እኮ ልብሴን በልታብኝ ነው፣ ያለ ምክንያት አላወራሁም። እሷ ግን ስልኩን ከዘጋች በኋላም ቃሏ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።

ጀማል ከጁምዓ መጥቶ ምሳውን በልቶ ትሪውን አጥቦ መለሰ። ሰማያዊዋን ፈታቶ መሬት ላይ ዘርግቷታል፣ እያንዳንዷን ብሎን በጋዝ ያጥባል። ያ ሁሉ አያስፈልጋትም፣ ፍሬን ብቻ ነበር። ሰው ፈርቶ ሲሠራ አይቻለሁ፣ እንዲህ ነው።

መግሪብ ሲደርስ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። የጎረቤት ሴት "ምን ታያለሽ?" አለችኝ፣ "ልብስ ላወርድ ነው" አልኳት፣ ቀጥዬ ደግሞ ስለ ልብስ ሽቦ አወራሁላት። ምዕራቡ በሙሉ አቧራ ነው፣ የሰሞኑ ነፋስ ያነሳው፣ ቀይ። ዓይኔ እስኪያለቅስ አየሁ። በሕይወቴ ጨረቃ እንዳትታይ ዱዓ ያደረግኩበት ቀን ቢኖር ይሄ ነው። ከኢሻ በኋላ ሼሁ አልታየችም ብለው አስነገሩ፤ ወሩ፣ ዙልሒጃ፣ ሠላሳ ይሞላል።

አንድ ቀን ተጨመረልኝ። ኩሽና ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ሳቅኩ።

ቅዳሜ

ጠዋት ተጣጠብኩ። አረንጓዴውን ድሪያ፣ ስሱን ቀሚሴን፣ ለበስኩ፣ እሱ የገዛልኝን ሳይሆን የሚወደውን። ለቤት ሥራ ድሪያ።

አንድ ሰው ለልጁ ቀዩን ሊገዛ መጣ። ጀማል አሳየው፣ እኔ ዋጋ ነገርኩ፣ ተስማሙ፣ ልጅቷ ግቢው ውስጥ ነድታ ከበርሜሉ ጋር ተላተመች፣ ሁላችንም ሳቅን። ለአንድ አፍታ ሰው ሲያየን ባልና ሚስት ነን። ነበርንም፣ እስከ መግሪብ።

ከዐስር ሶላት በኋላ ምንም አልሠራሁም። ኩሽናው በር ላይ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። መጣ። እጁ እስከ ክንዱ ግራሶ። በሩ መቃን ላይ ቆመ።

"ፍሬኑ ይዟል" አለ።

"የቱ?"

"የሰማያዊዋ።"

"ጎሽ።"

አልሄደም። ቆመ። እኔ በአፌ ላይ የመጣ ስንት ነገር ነበር፤ ሻይ ልቅዳልህ፣ እጅህን በምን ልታስለቅቀው ነው፣ ነጅማ ደውላ ነበር። ሁሉንም ዋጥኩ። የሱ ዘመዶች ሁሌም "ለሰው የመናገሪያ ቦታ አትተይም" ይሉኛል። ዛሬ ተውኩለት። የቤቱን ያህል ሰፊ ቦታ ተውኩለት። ይናገርበት ብዬ ጥፍሬን መዳፌ ውስጥ ቀብሬ ዝም አልኩ።

ጣቶቹን በጨርቅ ይጠርጋል፣ አንድ በአንድ፣ የጠረገውን ደግሞ ይጠርጋል። ቀና ብሎ አየኝ። አየሁት። ሁሉ ነገር ፊቱ ላይ ነበር። ሼሁ ግን በቃል እንጂ በፊት አይደለም ብለዋል።

አዛኑ ጀመረ።

ጀማል እንደ ሁልጊዜው ከሙአዚኑ ኋላ በሹክሹክታ አላሁ አክበር አለ። ከንፈሩ ለዚያ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ዞሮ ወደ መስጊድ ሄደ።

ዛሬ ጣሪያ ላይ መውጣት አላስፈለገኝም። ሠላሳው ሞልቷል።

ብዙ አለቀስኩ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

እሁድ

ማታውን መስጊድ አድሮ ጠዋት ዕቃውን ሊወስድ መጣ። የገዛ በሩን አንኳኳ። አሰላሙ ዓለይኩም አለ ከውጭ፣ እንደ እንግዳ፣ እስክመልስ ጠበቀ።

ጉፍታዬን፣ የፀጉር መሸፈኛዬን፣ ወደ ግንባሬ አወረድኩ፣ በላዩ ትልቁን ሻሽ ደረብኩ፣ ፀጉሬ አንድ ዘለላ እንዳይታይ ወደ ውስጥ ከተትኩ። ከፈትኩ።

አየኝ። ግንባሬን አየ፣ ፀጉሬ የነበረበትን።

"ከኔም?" አለ።

"ካንተም" አልኩት።

ግድግዳውን ያዘ። ይሄ ሰው እስከዛሬ ነገሩ የገባው አልመሰለኝም። ሼሁ የነገሩትን በጆሮው ሰምቷል፣ ሻሹን ሲያይ ግን ገባው።

ልብሱን በቦርሳ አደረገ። መፍቻዎቹን አልወሰደም። በርበራ የሚሄደው መኪና መጥቶ ጡሩምባ ነፋ። ሦስት ሳይክሎች ግቢው ውስጥ ተደርድረዋል፣ እሱ ባጠገባቸው ሲያልፍ የአበባዋን ትንሽ ሳይክል ቀና አድርጎ አቆማት፤ አላጋደለችም ነበር።

ነጅማ ደወለች። አላነሳሁም። እኔ፣ ስልክ ሳላነሳ ቀርቼ አላውቅም።

ሰኞ

ዛሬ ምንም። አንድ ሰው ጥቁሩን ሊያይ መጣ። ልንዳው አለ፣ ንዳው አልኩት፣ ወድቆ ተመለሰ። ፍሬኑን ማስረዳት ረስቼ። ይቅርታ ጠየቅኩት። የሚነዳልኝ ሰው የለኝም፣ የሚያስረዳልኝም።

ማክሰኞ

ሐጂ ዩሱፍ መጣ።

ከበርበራ ድረስ፣ በራሱ መኪና። ገብቶ ዱካ ላይ ተቀመጠ፣ ከባድ ሰው ነው፣ ዱካው ጮኸ። ውሃ ሰጠሁት። እንደዚያን ዕለት አልሳቀም።

"ፈቲያ እህቴ" አለ፣ "ልጁ እንቅልፍ የለውም። አንድ ጦላቅ ነው፣ አንዴ ብቻ ነው የፈታሽ፤ በአዲስ ኒካህ ይታደሳል። ወንድምሽን ድሬዳዋ ደውለን አነጋግረነዋል፣ እሷ ካለች እኔ ምን አገባኝ ብሏል። በርበራንም ትቶታል፣ ሳይክሉ ይሻለኛል ይላል። የኔንም ጥፋት አውቃለሁ፣ አውፍ በዪኝ። ምን ትያለሽ?"

"ጀማል የት ነው?"

"መኪናው ውስጥ።"

"በሬ ላይ?"

"በርሽ ላይ። አልወርድም ብሎ።"

ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ፣ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም። "ሐጂ" አልኩት፣ "አውፍ ብያለሁ። እሱ ግን ይውረድና ራሱ ይበለው። ባንተ አፍ አልሰማም።"

ሐጂ ወጣ። ሲነጋገሩ ይሰማኛል፣ ሐጂ ሲቆጣ። የመኪና በር ተከፈተ። ጀማል ደጃፌ ላይ ቆመ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ከኋላው መንገዱ፣ ባለሱቁ ጉቶ ላይ ተቀምጦ፣ ያቺ የጎረቤት ሴት ከነፍየሏ። ሁሉም እያዩ። ግማሾቹ አማርኛ እንደሚሰሙ አሁን እናውቃለን።

"ፈቲያ" አለ ጮክ ብሎ፣ ድምፁ እየተሰበረ፣ "ያን ቃል ባላልኩት። ከዚያ ወዲያ ደግሞ መልሼሻለሁ አለማለቴ። አግቢኝ። ሰው ሁሉ ይስማ።"

ስንት ወር የተመኘሁት ቃል መጣ፣ ልቤ ግን እንደገመትኩት አልዘለለም። ቅዳሜ ኩሽናዬ በር ላይ የተቀመጠችው ሴትዮ ትዝ አለችኝ፣ ጥፍሯን መዳፏ ውስጥ ቀብራ። አሳዘነችኝ። እሷን ማን ይመልስልኛል?

ዝም አልን። ሐጂ ዩሱፍ ጉሮሮውን ጠራርጎ "ዝምታዋ እሺ ማለት ነው" አለ።

"የለም ሐጂ" አልኩት። "ያ ለልጃገረድ ነው። ያገባች ሴት በአፏ ካላለች አይቆጠርም፣ ሸሪዓው እንዲህ አይደል? እኔ በአፌ እናገራለሁ። ዛሬ ግን አይደለም።"

ጀማል ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም። "እጠብቃለሁ" አለ፣ "ቸኩዪ አልልሽም።" ወንድሙ ጋ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ገባ። ሄዱ። ከተማ ውስጥ ዘመድ ጋ ያድራሉ መሰለኝ፣ በርበራ ለመሄድ መሽቷል።

ነገ ይጠይቁኛል፣ ወይ ተነገ ወዲያ። እሺ እላለሁ ብዬ አስባለሁ። አሁን ሳስበው ደግሞ አልልም። በምን ቀን እንደምናገረው አላውቅም፣ ምን እንደምል ጭምር። የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው፤ እነሱ እኔን ይጠብቃሉ እንጂ እኔ አልጠብቅም።

ማታ ራበኝ። ሁለት እንቁላል በቃሪያ ጠብሼ ከመጥበሻው ላይ ቆሜ በላሁ። ከዒድ ወዲህ ርቦኝ ስበላ ዛሬ ነው።